«ምን ልታደርግ ሄደች?»



በርዕሱ ላይ ያሰፈርኳትን ጥያቄ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አንዲት ልጅ በምሽት ከምትሠራበት መጠጥ ቤት ወንድ እጁን እንደሰነዘረባት፣ ወይም ከዚያ የከፋ ነገር እንዳደረሰባት በተወራ ቁጥር ከአፋችን የምትቀድመው እሷ ናት። ሰውየው ማን ነው? የማን ልጅ ነው? እሱስ በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ይሠራ ነበር? ብለን አንጠይቅም። «ምን ልታደርግ ሄደች?» እንልና ወደ ቡናችን እንመለሳለን። ቅሬ ላይ እንላታለን፤ ሠርግ ቤት እንላታለን፤ አንዳንዴም፣ አላህ ይማረንና፣ መስጂድ በር ላይ ጫማችንን እያጠለቅን እንላታለን።

ዛሬ ስለዚህች ጥያቄ ልሟገታችሁ ነው። የሚከፋው ወንድም ካለ ዐውፍ ይበለኝ።

ሸዋ ሮቢትን የማያውቅ መንገደኛ ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ፣ ጋቢውን አውልቆ የሚያጣጥፍባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዙሪያዋን የይፋት ቆላ ነው፤ ማሽላው፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱ፣ የትምባሆ እርሻው። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ይገናኙባታል። ሙቀቱ ሰውን ቀን ያስተኛዋል፣ ማታ ያወጣዋል። የከባድ መኪና ሹፌሮችም ያድሩባታል። ሹፌር ባደረበት ከተማ ሁሉ አልጋ ይከራያል፣ ከአልጋው ሥር መጠጥ ይሸጣል፣ መጠጡን ደግሞ የምታቀርብ የሰው ልጅ አለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኮምቦልቻ ስመለስ የተሳፈርኩበት መኪና እዚያው ተበላሸና ማደር ግድ ሆነብኝ። ያገኘሁት አልጋ ከላይ ማረፊያ፣ ከታች መጠጥ ቤት በሆነ ቤት ውስጥ ነበር። (እንዲህ ካለ ቤት ማደሬን የሚነቅፍ ይኖራል፤ ነቀፋውን እቀበላለሁ።) የቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለምና። ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ነሳኝ። ወደ መጸዳጃ ስወርድ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ያየሁትን አየሁ። ከሃያ ዓመት የማትበልጥ ልጅ ጠርሙስ በትሪ ይዛ በጠረጴዛዎቹ መካከል ታልፋለች። አንዱ ወገቧን ይይዛል። ሌላው ክንዷን ጎትቶ ጭኑ ላይ ሊያስቀምጣት ይታገላል። ሦስተኛው ብር አጣጥፎ በእጇ እንደመስጠት ደረቷ ውስጥ ሊሸጉጥ ይሞክራል። እሷ ትስቃለች። ወላሂ፣ እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ዓይኗ ውስጥ የለም፤ ጥርሷ ላይ ብቻ ነው።

ለሱብሒ ስነሳ ጓሮው ካለው ቧንቧ አንድ ሰው ውዱእ ያደርጋል። ጠጋ ብል እሷ ናት። ደነገጥኩ፤ እሷም ደነገጠች። የምለው ጠፍቶኝ ቂብላው ወዴት እንደሆነ ጠየቅኳት። በእጇ አመልክታ ካሳየችኝ በኋላ ገብታ መስገጃ አመጣችልኝ። «አባቴ፣ ንጹሕ ነው፤ ከእኔ በቀር የሚሰግድበት የለም» አለችኝ።

መካኒኩ እስኪመጣ ሻይ አፍልታ ሰጠችኝና ጥቂት አወራን። አገሯ እዚያው ይፋት ቆላ ነው። አባቷ አርጅቷል። በሬዎቹን በጦርነቱ ጊዜ አጥቷል፤ በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ ሲቃጠሉ፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደግሞ ውጊያው ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲመጣ የይፋት ገበሬ ምን እንደደረሰበት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ደመወዟ ለራሷ የቤት ኪራይ አይበቃም። ሂሳብ ሳይከፍል የሚወጣ ሰው ካለ ከእሷ ይቆረጣል። የምትኖረው በጉርሻ ነው። «ጉርሻ የሚሰጠኝ እጅና የሚጎነትለኝ እጅ አንድ ነው» አለችኝ።

ለፖሊስ ለምን እንደማትናገር ጠየቅኳት።

«ማታ ክንዴን ይጎትት የነበረውን አይተውት ከሆነ የአገሬ ሰው ነው፤ ሹፌር ነው። አባቴን ያውቀዋል። አባቴ ልብስ ሱቅ የተቀጠርኩ ነው የሚመስለው። እሱ ታዲያ ‹እምቢ ካልሽ የት እንደምትሠሪ ለሰፈሩ ሁሉ እነግራለሁ› ይለኛል።»

ይህን ስሰማ ምን አልኩ መሰላችሁ? ሸምግያለሁ፤ ኪታብ ፊት ተቀምጫለሁ፤ ልጆች አሳድጌያለሁ። ሆኖም አፌ ላይ የመጣው «ታዲያ ልጄ፣ እዚህ ምን ልታደርጊ መጣሽ?» የሚለው ነበር። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎም?» አለችና ብርጭቆውን አንስታ ገባች።

አንባቢዬ ሆይ! እዚህ ላይ አብረን እንቁም። ያ ሰው ልጅቷን የሚያስፈራራት በቢላዋ አይደለም። በሽጉጥም አይደለም። በእናንተና በእኔ ነው። በእጁ የያዘው ዱላ የእኛ ጥያቄ ነው። ሰፈሩ ቢሰማ ሰውየውን «እንዴት የወንድምህን ልጅ ደፈርህ?» እንደማይለው፣ እሷን ግን «ምን ልታደርግ ሄደች?» እንደሚላት ጠንቅቆ ያውቃል። እኛ ባንኖርለት ኖሮ ማስፈራሪያ ባልነበረው! አሥራ አምስትና ሃያ ኪሎ ሜትር ርቀን፣ በሰላም ተኝተን፣ የዚያን ሰው እጅ የምናበረታው እኛ ነን። ብዙዎቻችን ልጃችንን የምንጠብቃት በወሬ ነው ብለን እናምናለን። «ወሬው ያስፈራታል፣ ፈርታ ትታቀባለች» እንላለን። ወሬው ከመጠጥ ቤቱ አላስቀራትም፤ ድህነት ከወሬ ይበረታልና። ወሬው ያስቀራት አቤት ከማለት ብቻ ነው።

ስለ ወሬ ከተነሳ ሱረቱ ን-ኑርን እንክፈት። አላህ (ሱ.ወ.) በአራተኛው አንቀጽ ላይ ጥብቅ ሴቶችን በዝሙት የሚወነጅል፣ አራት ምስክር ግን የማያቀርብ ሰው ሰማንያ ጅራፍ እንዲገረፍ፣ ከዚያም በኋላ ምስክርነቱ ለዘወትር እንዳይሰማ ደንግጓል። አራት ምስክር! እኛ ዘንድ ስንት ምስክር ይበቃል? «ሮቢት አይቻታለሁ» የሚል አንድ የሚኒባስ ረዳት ይበቃል። ልጅቷ ጠርሙስ ስታቀርብ ታየች፤ እኛ ጋ ሲደርስ ገላዋን ስትሸጥ ታየች ይሆናል። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ መካከላቸው ያለውን ርቀት በምላሳችን የምንዘለው እኛ ነን። አንድ ሰው ስለ ዚና በድፍረት ሲናገር «ምስክሮችህ የት አሉ?» ብሎ የጠየቀ የቅሬ ሽማግሌ አይታችኋል? እኔ አላየሁም።

«እኅቴ ለሰላት ወጥታ ቢሆን ኖሮ አለቅስላት ነበር» ይለኝ ይሆናል አንዱ ወንድም። እሺ፣ ከዚያው እንጀምር። በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን አንዲት ሴት ለሰላት ወጥታ ሳለ መንገድ ላይ ሰው ደፍሯታል። ዋኢል ኢብኑ ሑጅር ያስተላለፉት፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲሥ ነው። ሴትዮዋ ጮኸች፤ ሰዎች ደረሱላት፤ ነገሩ ረሱል ዘንድ ቀረበ። እርሳቸውም አላህ ምሯታልና እንድትሄድ አሰናበቷት። ብቻዋን ለምን እንደወጣች፣ ማን እንደፈቀደላት፣ ምን ለብሳ እንደነበር የተጠየቀችው ነገር የለም። ጥያቄው ሁሉ ወደ ወንዱ ሄደ።

ወንድማችን አሁንም «ያቺ ለዒባዳ ነው የወጣችው፤ ይህችኛዋ ግን ለኸምር ነው» ማለቱ አይቀርም። ደህና፤ ወደ ኸምሩም ወደ ዚናውም ቤት አብረን እንግባ።

በመዲና የሙናፊቆች አለቃ የነበረው ዐብዱላህ ኢብኑ ኡበይ ሴት ባሮች ነበሩት። ለዝሙት እያሰማራ ገንዘብ ይሰበስብባቸው ነበር። ሙስሊም በሶሒሓቸው እንደዘገቡት የሱረቱ ን-ኑር 33ኛ አንቀጽ ስለዚሁ ወረደ። አስተውሉ! ከመጠጥ ማቅረብ አልፎ ዝሙት ራሱ የሚፈጸምበት ሁኔታ ነው። ቁርኣን በዚያ ሁኔታ ውስጥ ማንን ገሠጸ? የዱንያን ጥቅም ፈልጎ የሚያስገድደውን ሰው። ስለ ተገደዱት ሴቶችስ ምን አለ? ከመገደዳቸው በኋላ አላህ መሐሪና አዛኝ መሆኑን ነው የነገረን። ግሣጼው ለገንዘብ ሰብሳቢው፣ ምሕረቱ ለሴቶቹ። እኛ ግን ገለበጥነው፤ ለገንዘብ ሰብሳቢው በክብር ቦታ እንለቃለን፣ ሴቲቱን እንገሥጻለን።

ኢብኑ ኡበይ ደግሞ ከሰው የተገለለ ሽፍታ እንዳይመስላችሁ። የወገኑ ትልቅ ሰው ነበር። ሰላት ይሰግድ ነበር። ከረሱል መስጂድ ይገባና ይወጣ ነበር።

መጠጥ ሐላል ነው አላልኩም፤ አልልምም። ልጅቷም የምታቀርበው ሐራም መሆኑን ታውቃለች፤ መስገጃዋን ለብቻዋ የለየችው ለዚያ ይመስለኛል። ነገር ግን በኸምር ጉዳይ ስለተረገሙት አስር ሰዎች የሚናገረውን፣ ቲርሚዚና ኢብኑ ማጃህ የዘገቡትን ሐዲሥ ኡስታዞቻችን ሲያስተምሩ ሰምታችኋል። ጠማቂው አለበት፣ የሚጠመቅለት አለበት፣ ጠጪው፣ ተሸካሚው፣ የሚሸከሙለት፣ አቅራቢው፣ ሻጩ፣ ገዢው፣ የሚገዙለት፣ ዋጋውን የሚበላው አሉበት። ከአስሩ መካከል አቅራቢዋን ብቻ መርጠን የማንበብ ሥልጣን ማን ሰጠን? በመንገዱ ዳር ያሉትን ፎቆች ቁጠሩ። ምድር ቤቱን ለመጠጥ ቤት ያከራየው፣ ኪራዩን ተቀብሎ ለሐጅ የሚያጠራቅመው ሰው የእኛ ሰው የሆነበት ቤት የለም? «እኔ ግድግዳ ነው ያከራየሁት» ይላል። ዋጋውን የሚበላው የተባለው ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ሌሊት ልጅ ሲጎትት አድሮ ዓርብ ቀን ከመጀመሪያው ሰፍ የሚቆመውስ? መጠጥ አልነካም እያለ፣ ከመቃሚያው ቤት ምርቃናውን ይዞ በውድቅት የሚገባው ጎረምሳስ? እሱን «ምን ልታደርግ ሄድህ?» ያለው ማን ነው?

ዓይንን ስለመስበር የታዘዘው ትእዛዝም በዚያችው ሱራ ውስጥ ነው። 30ኛው አንቀጽ ለወንዶች ነው፤ የሴቶቹ 31ኛው ነው። ስለ ሒጃብ የምናደርጋቸው ንግግሮች ሁሉ ከ31 ይጀምራሉ። ሠላሳኛው የት ወደቀ?

«የእኛ ልጆች እዚያ የሉም» የሚልም አለ። ይፋት የወላስማዎች አገር ናት፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሱልጣኔት የነበረባት ናት፣ የጎዜ መስጂድ ያለባት ናት እያለ ይቆጥርልናል። ቆጠራው እውነት ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ግን ሙዚቃው በተዘጋ ሰዓት ስማቸውን ጠይቋቸው። ማታ በአንድ ስም ተጠርታ ጧት በሌላ የምትጠራ ልጅ ታገኛላችሁ። ስሟን የምትቀይረው ከፖሊስ ለመደበቅ አይደለም።

መንግሥትስ የሚል ካለ፣ በወረቀት ላይ ያለው ብዙ ነው። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625 የሴትን ችግር፣ ወይም አሠሪ በመሆን ያገኘውን ሥልጣን ተጠቅሞ ለወሲብ ያዋላትን ሰው በእስራት ይቀጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ የሚፈጸምን ወሲባዊ ትንኮሳ በስሙ ጠርቶ ከልክሏል፤ አሠሪዋ ወይም ኃላፊዋ ያደረሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቃ ካሳ የመጠየቅ መብት አላት። ይኸው አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን፣ ከ18 ዓመት በታች ያለን ደግሞ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል። በዚያ መንገድ ያደራችሁ ሰዎች፣ የአንዳንዶቹን ልጆች ዕድሜ በዓይናችሁ ገምቱ።

ነገር ግን አንድ ቃል ልብ በሉልኝ። በአንቀጽ 625 የተጠቀሰው ወንጀል የሚያስቀጣው አቤቱታ ሲቀርብ ነው። ልጅቷ ራሷ ወጥታ ካልከሰሰች ሕጉ ተኝቶ ይቆያል። መክሰስ ማለት ደግሞ ስሟን፣ የምትሠራበትን ቤት፣ ያደረሱባትን ነገር በሰው ፊት መናገር ነው። ማለትም ያ ሹፌር እናገርብሻለሁ ያላትን ሁሉ በራሷ አፍ መናገር ነው። ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ቀድመን የቆምነው እኛ ነን። እኛን ሳታልፍ ዳኛው ዘንድ አትደርስም።

አንድ ነገር ልጨምርና እተዋችኋለሁ። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) መድየን ውሃ ዘንድ ሲደርሱ ወንዶች እየተጋፉ ከብቶቻቸውን ያጠጣሉ፤ ሁለት ሴቶች መንጋቸውን ይዘው ዳር ቆመዋል። ሱረቱል ቀሶስ ላይ ያለ ታሪክ ነው። ሙሳም ነገራችሁ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ጥያቄ ይህ ነው! ሴቶቹ እረኞቹ እስኪሄዱ እንደማያጠጡ፣ አባታቸውም ሽማግሌ መሆኑን ተናገሩ። የዚያች የሸዋ ሮቢት ልጅ መልስ እኮ ቃል በቃል ይኸው ነበር፤ አባቴ ሽማግሌ ነው። ሙሳ ሰምተው አልፈረዱም፤ ምክርም አልደረደሩም። አጠጡላቸው። እርሳቸው ራሳቸው በዚያች ቀን ስደተኛና ችግረኛ ነበሩ።

እኛ ምን እናጠጣ? ዘካችንን የት እንደምናደርሰው እናስብ። አላህ በሱረቱ ት-ተውባ 60ኛ አንቀጽ ከዘረዘራቸው ስምንት ዓይነት ሰዎች መካከል ድሃና ምስኪን፣ ባለ ዕዳም ይገኙበታል። ከእነዚህ ቤቶች መውጣት እየፈለገች ለአሠሪዋ ባለባት ዕዳ የታሰረች ልጅ ከባለ ዕዳ ምን ጎደላት? ቅሬያችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፤ በሕይወት ያለች ልጁን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ የሚሄድ፣ «ከኋላዋ ሰው አላት» የሚያሰኝ ሁለት ሽማግሌና ሁለት እናት መምረጥ ያቅተዋል? ያ ሹፌር አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ «እነግርብሻለሁ» ሲላት «ንገራቸው፤ ያውቃሉ» ብትለው ምን እንደሚውጠው አስቡት።

አንተ አባት፣ በየወሩ ስልክህ ላይ ብር ሲገባልህ «አልሐምዱሊላህ» ብለህ የምትዘጋው! አንቺ እናት፣ ልብስ ሱቅ ናት እያልሽ ለጎረቤት የምትነግሪው፣ በልብሽ ግን የምታውቂው! ዛሬ ደውሉላት። ስለ ብሩ አታንሱ። የት እንደምትሠሪ እናውቃለን፣ የነካሽ ሰው ካለ ስሙን ንገሪን በሏት። ከመግሪብ በኋላ ሥራ ትገባለችና ስልክ አታነሳም፤ ከዐስር በኋላ ሞክሩ።